ቀይዋ ሴሊካ፦ ቀለሟ ሞቷል ወይስ ገና ነው? (ክሩ ከነምላሾቹ)

ክሩን (የኢንተርኔት ውይይቱን) የከፈተው ጽሑፍ አጭር ነው። ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለ አንድ ግቢ፣ ባሕር ዛፍ ጥላ ውስጥ ሦስት ክረምት የቆመች ባለ ሁለት በር ቶዮታ ሴሊካ አለች፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1994 ስሪት፣ ቀይ። ኮፈኗና ጣሪያዋ ነጥቶ ሮዝ ሆኗል፤ በጣት ሲነካ ኖራ የነኩ ይመስል ዱቄት ይዞ ይነሳል። የበሮቿ የታችኛው ክፍል ግን ዛሬም ቀይ ነው። የፊት መብራቶቹ ቢጫ፣ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ግራጫ፣ ቸርኬዎቹ ቡናማ። ጠያቂው የጠየቀ ይምሰል እንጂ ፍርዱን ጨርሶ ነው የመጣው፦ ክሊሩ (ከቀለሙ ላይ የሚረጨው ግልጽ ሽፋን) ተቃጥሏል፣ ቀለም ቀቢም አይቶ ሙሉ በሙሉ ተፍቆ ይቀባ ብሏል። ስንት ሊትር ይበቃል? ከፋሲካ በፊትስ ያልቃል?

የተጠየቀው ሊትር ነበር። 31 ምላሽ መጣ፤ ስለ ሊትር የተነገረው ግን ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም በአንድ ሰው። ተራቸውን ጠብቄ አወጋቸዋለሁ፤ ምስጋና ብቻ ያለባቸውን እዘላለሁ።

ምላሽ 1 ለጥያቄው በጥያቄ መለሰ፦ ለመሆኑ ክሊር አላት? በዚያ ዘመን የጃፓን ፋብሪካዎች ሜታሊኩን (የሚያብረቀርቅ ብናኝ ያለበትን ቀለም) በክሊር ሲሸፍኑ፣ ተራውን ቀይና ነጭ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ክሊር ይቀቡ እንደነበር አስታወሰ። መለያውንም ሰጠ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ፖሊሽ አድርጎ ዐይን በማያርፍበት ቦታ አሥር ጊዜ ያህል ማሸት ነው። ጨርቁ ከቀላ የታሸው ቀለሙ ራሱ ነው፣ ክሊር የለም። ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ ከቀረ ክሊር አለ ማለት ነው። ሁለቱ የሚሞቱትም ለየቅል ነው። ክሊር የሌለው ይነጣል፣ ዱቄት ይሆናል፤ ከዱቄቱ ሥር ግን ደኅና ቀለም ሊኖር ይችላል። ክሊር ያለው ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይቀረፋል፤ አንዴ ከተቀረፈ በየትኛውም ፖሊሽ አይመለስም።

ምላሽ 2 ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት አልነበረውም። ከአጻጻፉ የሙያው ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ጨርቅ እያሹ ቀለም መመርመር የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ባይ ነው፤ ፍቆ፣ ሁለት እጅ ፕራይመር (ከቀለሙ ሥር የሚቀባው መሠረት)፣ ሦስት እጅ ቀለም፣ አለቀ። ለውጩ ብቻ ሦስት ሊትር ቀለም፣ ማጠንከሪያውና ቲነሩ ሳይቆጠር፤ የበር ውስጥና የሞተር ክፍል ከተጨመረ ከዚያ በላይ።

ምላሽ 3 በትሕትና ገብቶ በትሕትና ተቃወመ። የፋብሪካ ቀለም 140 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሆነ ምድጃ ውስጥ የሚበስል ስለሆነ፣ ግቢ ውስጥ በኮምፕሬሰር የሚረጭ ቀለም የቱንም ያህል ባለሙያ ቢረጨው ያንን ጥንካሬ እንደማያገኝ አስረዳ። በዚያ ላይ መስታወቱና የዙሪያ ጎማው ሳይፈታ በስኮች ተሸፍኖ የተቀባ መኪና ከዓመት በኋላ ከጎማው ጠርዝ መነሳት ይጀምራል። መትረፍ የሚችለውን የፋብሪካ ቀለም ፍቆ መጣል በገዛ እጅ ማርከስ ነው አለ።

ምላሽ 4 የጠያቂው ነው። ኮፈኑ፣ ጣሪያውና በሮቹ ላይ ጨርቁ በርበሬ የተቆላበት ይመስል ቀላ። የግራው የፊት ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ላይ ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ፤ ከመብራቱ አጠገብም የጥፍር ያህል ቦታ ተልጦ አየ።

ክሩ አቅጣጫውን የያዘው ምላሽ 5 ላይ ነው። ፓራፋንጎው ሌላ እጅ የነካው ነው፤ ተመትቶ ተስተካክሎ በክሊር ተቀብቷል። የውፍረት መለኪያ ከተገኘ የፋብሪካ ቀለም ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ድረስ ያነባል፤ ድጋሚ የተቀባ ከ200 ያልፋል፤ ስቱኮ (የተመታ ብረት መሙያ) ያለበት 1000 እና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። መለኪያ ከሌለ ስስ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ማስጠጋት ነው፤ ሌላው ቦታ ላይ እየተሳበ እዚህ ከላላ ሥሩ ስቱኮ ነው። ስለዚህ ደጅ ላይ የቆመችው አንድ መኪና ብትሆንም ሥራው የሁለት መኪና ነው፤ ለገላዋ የሚሠራው ለፓራፋንጎው አይሠራም።

ከ6 እስከ 8 ስለ እጥበት ናቸው፤ ላቫጆ ወስዶ ማስረጨት ይበቃል ያለ አንድ ሰው ሁለት ቁጣ አስከተለ። የግፊት ውሃ አፍንጫ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ቀርቦ የተላጠ ጠርዝ ካገኘ ልጣጩን እንደ ወረቀት ይገልጠዋል፤ የበር ጎማም ያፈናቅላል። ላቫጆ ቤት ከሚኒባስ ወደ አይሱዙ፣ ከአይሱዙ ወደዚህ የሚዞረው ስፖንጅ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ነው። የተስማሙበት እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ውሃ ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች። ቀጥሎ ሁለት ባልዲ፣ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የማለቅለቂያ፤ ጨርቁ ሳሙና ውስጥ ከመመለሱ በፊት ማለቅለቂያው ውስጥ ይገባል፣ አሸዋው እዚያ ይቅር። ስለ ኦሞ ተከራከሩ። ዘወትር ቢታጠቡበት ሰሙን ይገፍፋል፤ ለዚህች ግን የሚገፈፍ ሰም ስለሌላት ለመጀመሪያ ቀን አይጎዳም ያለው 8ኛው ነው፤ ልክ ነው። ውሃ ደርቆ የተወው ነጭ ክብ ካለ አቼቶ በእኩል ውሃ ተቀላቅሎ፣ ብረቱ ቀዝቃዛ እያለ፣ አንድ ደቂቃ ቆይቶ በደንብ መታጠብ። የደረቀ የዛፍ ሙጫ በጥፍር አይፈቀፈቅም፤ አልኮል የነካ ጨርቅ ግማሽ ደቂቃ ተጭኖበት ሲለሰልስ ይነሳል።

እዚህ ላይ ክሩ እንደ ልማዱ ከመንገዱ ወጣ። ምላሽ 9 ከኮምቦልቻ ነው፤ መኪናዋ እነሱ ዘንድ ቆማ ቢሆን ሙቀቱ በአንድ ዓመት ይጨርሳት እንደነበር፣ ደሴ ግን ጭጋጉ እንዳዳናት ጻፈ። 10ኛው የደሴ ሰው ጭጋጉን እንደ ስድብ ወሰደው። 11ኛው ሁለቱንም አረማቸው። ቀዩን ቀለም የሚያፈርሰው በዋናነት ሙቀት ሳይሆን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ እሱም በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ፤ በጠራ ሰማይ ቀን ደሴ ስድስት ሰባት በመቶ ትበልጣለች። ኮፈኑና ጣሪያው ነጥተው የበሩ ታች የተረፈውም ለዚሁ ነው፤ ፀሐይ ፊት ለፊት የምታገኘው ጠፍጣፋውን ነው። የኮምቦልቻው ሰው ደመናውን ቀንስ ብሎ አንድ መስመር ጣል አደረገ፤ በዚያ ቀረ።

ምላሽ 12 ወደ ሥራው መለሳቸው። ከእጥበት በኋላ እጅን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብቶ ቀለሙን መዳበስ፤ እንደ አሸዋ ከተሰማ እጥበት ያላወጣው ነገር ተጣብቋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሃረጎ ቁልቁለት ቀን በቀን የሚወርድ መኪና ከመንኰራኩሩ ጀርባ ያለው ጎኑ በፍሬን ብናኝ የተሞላ ነው፤ ብናኙ ብረት ስላለበት እዚያው ዝጎ ቡናማ ነጥብ ይሆናል። የብረት ማስለቀቂያ ፈሳሽ ሲረጭበት ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል፤ ሳይደርቅ ይታጠባል። የቀረውን የማጽጃ ሸክላ፣ ክሌይ ባር የሚሉት፣ ይለቅመዋል፤ ቦታው ሁሌም በሳሙና ውሃ ርጥብ ይሁን፣ ሸክላው በየጊዜው ይታጠፍ፣ መሬት ከወደቀ ይጣል። ክሊር የሌለው ቀለም ላይ ሸክላው ራሱ ይቀላል፤ አትደንግጡ።

ምላሽ 13 የዚህ ክር ምርጥ ምክር ይመስለኛል። ዱቄት የሆነ ቀለም ደርቋልና ወዲያው ኮምፓውንድ (ፈጪ ቅንጣት ያለው ሻካራ ፖሊሽ) አይወጣበትም። መጀመሪያ ዘይትነት ያለው፣ ፈጪ ቅንጣት የሌለበት ግሌዝ (ሜጓየርስ ቁጥር 7 ለዚህ የታወቀ ነው) በወፍራም ፎጣ ጨርቅ በብዛት ተቀብቶ ይታሻል፣ ሌሊቱን ያድራል፣ ጠዋት ይጠረጋል። ጨርቁ የሞተውን ቀለም ይዞ ይነሳል፣ የተረፈው ይጠቁራል፣ ይደምቃል። ሁለተኛ ዙር ቢደገም አይከፋም። ቀለም ውፍረቱ የተቆጠረ ነውና በማሽን ከመቀነስ በፊት በእጅ የሚመለሰውን መመለስ ያተርፋል።

ምላሽ 14 ለዚያው ሥራ ናፍጣ ይበቃል፣ የፍሬን ዘይት ደግሞ ከሁሉም ያበራል አለ። እስከዚህ ጨዋ የነበረው ክር እዚህ ተናደደ። 15ኛው ያለ ሰላምታ ገባ፦ የፍሬን ዘይት ቀለም ማንሻ ነው፤ ለጊዜው የሚያበራው የላይኛውን ስለሚያቀልጥ ነው፣ ከዚያ ያብጥና ይነሳል። የነካው ቦታ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ አይጠረግ። ናፍጣ ለሁለት ቀን ያረጥባል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ከላዩ ምንም ነገር አይይዝም። 14ኛው ዳግም አልታየም። ቃሉ የከረረ ቢሆንም አልፈርድበትም፤ እንዲህ ያለ ምክር ብዙ መኪና ጨርሷል።

ምላሽ 16 ረጅም ነው፣ ስለ ማሽን። ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥሞ መሥራት በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ ትንሹ ግራይንደር ግን በደቂቃ 11 ሺህ ዙር ያህል ይዞራል፣ የፖሊሽ ማሽን የሚፈለገው ከ1000 እስከ 1500 ዙር ነው። በዚያ ፍጥነት ቀለሙ በሰከንዶች ይግላል፣ ጠርዝ ላይ ደግሞ እስከ ፕራይመሩ ይበላል። ለጀማሪ እየዞረ የሚወዛወዘው ማሽን ይሻላል። ቅደም ተከተሉ፦ የኮፈኑን የተቆለመሙ መስመሮች፣ የበር ጠርዞችና የፕላስቲክ ዳር ሁሉ በወረቀት ስኮች መሸፈን፤ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር መያዝ፤ 125 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ላይ አራት የአተር ፍሬ ፖሊሽ፤ ማሽኑ ከቀለሙ ሳይነሳ በዝቅተኛ ፍጥነት ማሰራጨት፣ ከዚያ ፍጥነቱን ጨምሮ በሰከንድ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል እየተጓዙ፣ መስመር በመስመር እየደረቡ፣ አንዴ አግድም አንዴ ቁልቁል፣ አራት ዙር። ከለስላሳው ይጀመራል፤ ካልበቃ ብቻ ወደ ሻካራው።

ይህችን መኪና ከሌላው የሚለያት የስፖንጁ ነገር ነው። ሁለት ካሬ ሳይሠራ ፊቱ በቀይ ጭቃ ይደፈናል፤ የሞተው ቀለም ከፖሊሹ ጋር ተለንቅጦ እንደ በሶ ይሆናል። ካልተቦረሸ የተነሳውን መልሶ ይቀባዋል፣ ሠሪውም ፖሊሹ አልሠራም ብሎ ወደ ሻካራ ይሸጋገራል። በየካሬው በብሩሽ ማራገፍ፣ ለአንድ ኮፈን ቢያንስ ሦስት ስፖንጅ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ምላሽ 17 ሰዓቱን ጨመረ፦ ኮምቦልቻ ላይ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ደጅ ላይ አይሠራም፣ ፖሊሹ ሳይሠራ ይደርቃል፤ ደሴ ጤዛው ሳይለቅ አይጀመርም። መብራት ከጠፋም ማሽኑ ከሶኬቱ ይነቀል። ማብሪያው እንደተጫነ ቀለሙ ላይ ተቀምጦ መብራቱ ከመጣ ማሽኑ ዘሎ በር ይመታል።

ምላሽ 18 ወደ ፓራፋንጎው ተመለሰ፣ የ5ኛውንም አሟላ። የተላጠው ክሊር ስላለ እሱ ብቻ ይቀባል፣ ግን በስተመጨረሻ። ቀለሙ ዛሬ ቢቀመም ከሮዙ ኮፈን ጋር ይመሳሰላል፤ ኮፈኑ ሲታሽና ሲቀላ ፓራፋንጎው ሮዝ ሆኖ ብቻውን ይቀራል። መጀመሪያ የገላዋ ፖሊሽ ሁሉ ይጠናቀቅ፣ ከዚያ ከበሩ ጋር ተስተያይቶ ይቀመም። ሲፖለሽም ለፓራፋንጎው የራሱ ስፖንጅ ይኑር፤ ከኮፈኑ የመጣ ቀይ ጭቃ በተሰነጠቀ ክሊር ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ከ19 እስከ 21 ስለ መብራት ናቸው። የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ 20ኛው ለምን እንደማይዘልቅ ነገረ። ቢጫው የተጎዳ ፖሊካርቦኔት ነው፣ ከፀሐይ የሚከልለው የፋብሪካ ሽፋን አልቋል፤ ጠርገው ካልሸፈኑት በወራት ውስጥ ይመለሳል። በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ተጀምሮ 1000፣ 1500፣ 2000፣ 3000፤ በየቁጥሩ አቅጣጫ እየቀየሩ፣ የቀደመው ጭረት ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው ሳይሄዱ። ከዚያ ፖሊሽ፣ ከዚያ ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ክሊር በስሱ ሁለት እጅ። ክሊሩ ከመረጨቱ በፊት በአሴቶን መጥረግ ክልክል ነው፣ ፕላስቲኩን ያሰነጥቀዋል። 21ኛው ሁለት ነገር አከለ፦ ማጠንከሪያው አይሶሳያናት ስላለበት የጨርቅ ማስክ አይከላከልም፣ የቀለም ቀቢ ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል፤ ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ከተረጨም ብርዱ ክሊሩን አያደርቀውም፣ እኩለ ቀን ይሁን።

ምላሽ 22 የግራጫውን ፕላስቲክ ነገር በሚጣፍጥ አጭር አነጋገር ጨረሰው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር በቀለሙ ላይ ይወርዳል፤ ቫዝሊን የበር ጎማ ያሳብጣል። የቀለም ቤት የተልባ ዘይት በስሱ ተቀብቶ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ትርፉ ተጠርጎ አንድ ቀን ከዋለ ፕላስቲኩ ላይ ይደርቃል፣ ለወራትም ይቆያል። ጨርቁን ግን ጨብጦ መጣል አይገባም፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨበጠ ጨርቅ በራሱ ይነድዳል። ተዘርግቶ ደጅ ይድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ ይነከር።

ምላሽ 23 ቸርኬ በባትሪ አሲድ የሚያጥቡትን ገሠጸ። አሉሚኒየሙ ይነጣል፣ እጅም ይበላል፤ የ12ኛው የብረት ማስለቀቂያ ሁለት ጊዜ ቢደገም ይበቃል።

ከዚያ የሰም ጠብ ተነሳ። 24ኛው ሴራሚክ (ከሰም የሚጠነክር መከላከያ ሽፋን) ካልተቀባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው አለ። 25ኛው ከ13ኛው ጋር እንደሚጋጭ አሳየ፤ ሴራሚክ የሚይዘው ዘይት የሌለበት ገጽ ላይ ነው፣ ይህች ደግሞ ዘይት ጠጥታ ነው የዳነችው። ተሟጥጦ በአልኮል ከተጠረገ ይደርቃል። የሚሻለው ካርናውባ (ከዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም) ወይም ሰው ሠራሽ ሰም ነው፣ ከክረምት በፊትና በኋላ። 26ኛው ታዲያ የወሎ ንብ ሰም ምን አነሰው ብሎ ጠየቀ፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልለየሁትም፣ መልሱን ግን ራሱ 25ኛው ሰጠው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ካርናውባ ከ80 በላይ፤ ፀሐይ የዋለበት ጣሪያ ላይ የንብ ሰም ይለሰልስና የሃረጎን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል።

ምላሽ 27 ሰም ትቶ የሴሊካ የበር ጎማ የት ይገኛል አለ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አሮጌውን አስይዞ መላክ ተመከረ፤ በስልክ መግለጽ የሌላ ሞዴል ያስመጣል።

ምላሽ 28 ጠያቂው ነው፣ ከነፎቶ። ግማሽ ኮፈን በስኮች ተከፍሎ አንዱ ወገን ሮዝ፣ ሌላው እንደ ቲማቲም ቀይ። ከመሃሉ መስመር ላይ ግን የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ግራጫ ነጥብ አለ። 29ኛው አልራራለትም፤ 16ኛው ስኮች ያለው ለጌጥ ነው ወይ ብሎ ጀመረ። ግራጫው ፕራይመር ነው፣ በመስመሩ ጫፍ ላይ ቀለሙ ስስ ነው፣ ማሽኑም ተጋድሞ ሳይሆን ቆሞ ተይዟል። መፍትሔውን ግን አልነፈገውም፦ በቀለሙ ቁጥር የተቀመመ ጥቂት ጠብታ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ማስቀመጥ።

ምላሽ 30 ቁጥሩ ከሞተር ክፍል ኋላ ግድግዳ ላይ ካለችው ሰሌዳ፣ ሲ/ቲአር (C/TR) ከሚለው ቀጥሎ እንደሚገኝ ጻፈ። ጠያቂው ሰሌዳዋን አገኛት፤ ፓራፋንጎውን የቀባው ሰው ስላልሸፈናት ግማሿ በቀይ ተረጭታለች። ቲነር ህትመቱንም ስለሚያነሳው ፖሊሽ በነካ ጨርቅ ቀስ ተብላ ስትታሽ 3ኢ5 የሚል ወጣ።

የመጨረሻውን ምላሽ የጻፈው 2ኛው ነው። ስለ ጨርቁ ጨዋታ ምንም አላነሳም። ለአንድ ፓራፋንጎ ግማሽ ሊትር ይበቃል፣ ክሊር የማይፈልገው ዓይነት ይቀመም፣ የተላጠው እስከ ደኅናው ይፈቅ፣ ጣሪያው ሳያልቅ ግን መኪናዋን እንዳታመጣት አለ።